ኦክስጅኑ ከመጋዘን እስኪወጣ

ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ስናደራጅ ሁሉም የፈራው ሕክምናውን ነበር። ሕክምናውማ ምን አለው! የዓለም ጤና ድርጅት የትሪያጅ (ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የመለያ) ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ አየር መንገድ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ራስ መሳትና መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ድርቀት። ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። 40 ፐርሰንቱን ግሉኮስ አንድ እጅ በሦስት እጅ የመርፌ ውሃ አቅጥነን 10 ፐርሰንት ማድረግ ተለማመድን። አለቀ።

ያንገበገበኝ ኦክስጅኑ ነው። በእርዳታ የመጣ ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ንብረት ክፍል ስጠይቅ «ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) አልተቆረጠለትም፤ ገቢ ያልሆነ ዕቃ ወጪ አይሆንም» አሉኝ። ለምን አልተቆረጠም? ዋጋው የተጻፈበት ሰነድ አብሮ አልመጣማ! ሰነዱን ላኪው ይስጥ፤ ላኪው ደብዳቤ ይጻፍልኝ ይላል፤ ደብዳቤውን የሚፈርሙት ኃላፊ ደሴ ስብሰባ ላይ ናቸው። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ማኅተም ያዡ የለም። «አብሽሪ፣ ይደርሳል» ይሉኛል። እኛ ታች የደም ኦክስጅናቸው ከ90 ፐርሰንት በታች የወረደ ልጆችን በአንድ ሲሊንደር እናፈራርቃለን። አንድ ባለ 5 ሊትር ማሽን ግን በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚበቃቸውን ሕፃናት በማከፋፈያ ሁለት ሦስቱን ባንዴ ይይዝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሻይ ስንጠጣ «ኮሚቴ ዋጋ ገምቶ በቃለ ጉባኤ ገቢ ይደረግ እንጂ» አለኝ። ተደረገ፣ የወጪው ሞዴል 22 ተቆረጠ፣ ማሽኑ ወጣ። ይህን ንብረት ክፍል አያውቅም ነበር ማለት ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ክፍል የምታደራጁ እናንተ በመጀመሪያው ቀን ገማች ኮሚቴ ጠይቁ፤ የሕፃናት የአፍንጫ ቱቦ መኖሩንም ሳታዩ አትፈርሙ፤ የኛ ከአዋቂ ቱቦ ጋር ነበር የመጣው።

ሌላው፣ «ካርድ ሳይወጣ አይታይም» የሚለውን መመሪያ ለልጅ አትስሙት። ሥልጠናውም ከባለሙያ ሳይሆን ከዘበኛ ይጀመር ባይ ነኝ። የኛ አገር ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ እናት ብርድ ትፈራለች፣ ደረቱ ሲሰረጉድ ማንም አያይም። ጋሼ ዘበኛችን አሁን በር ላይ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ልጁ ጡት መያዝ ካቃተው እናቲቱን ራሳቸው ይዘው ይገባሉ፣ ካርዱ ኋላ ይደርሳል። ለዘበኛ ሥልጠና በጀት የለም ብለውናል። ሻይና አምባሻ በቅቷል።