13 ስንዝር

ልጄ 2ኛ ክፍል ናት። የምትማረው እሷ ናት፤ የምወድቀው ግን እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ቤታችን ሰላም የለም። ትምህርት ቤት የተማረችውን ሁሉ ይዛ ትመጣና እኛ ላይ ትሞክረዋለች። ጥቅምት ላይ «ሕይወት ያላቸውና ሕይወት የሌላቸው ነገሮች» የሚል ትምህርት ነበራቸው። ሕይወት ያለው ነገር ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ይንቀሳቀሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኳስ ሳይ ደብተሯን ይዛ ፊቴ ቆመች። ቆይታ ቆይታ አየችኝ።

«እማዬ! አባዬ ይመገባል፣ ግን አይንቀሳቀስም። የት ጋ ልጻፈው?»

ሚስቴ ከኩሽና ሆና፣ «መስመሩ ላይ ጻፊው» አለቻት።

ቀጥሎ ቁቤ መጣ። ጅማ ከገባን ስድስት ዓመታችን ነው። እኔ ግን «ሲ» ብዬ የማውቃት ፊደል በቁቤ «ጭ» እንደሆነች፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» እንደሆነች አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በባጃጅ ስንሄድ የአንድ ሰሌዳ ጽሑፍ «ካፌ» ብዬ አነበብኩላት። «ጨፌ ነው አባዬ» አለችኝ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ መሪውን ለቆ ሳቀ። እኔ ደግሞ ያ ካፌ ለምን ማኪያቶ እንደማይሸጥ ሲገርመኝ ነበር የኖርኩት።

ይሄ ሁሉ ግን ማሟሟቂያ ነው። ጉድ ያመጣው ልኬት ነው።

ሒሳብ ላይ ልኬት ሲጀምሩ በስንዝር፣ በክንድ፣ በእርምጃ ነው የጀመሩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያልተለካ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ 7 ስንዝር ነው። ሳሎኑ 10 እርምጃ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊጎበኙ ጅሬን የወጡ ቀን እንኳ የበረንዳውን እንጨት ስትለካ ከሰልፍ ቀርታ ተቆጥተዋታል። አከራያችን ኪራይ ሊቀበሉ መጥተው ሻይ ሲጠጡ፣ ቀስ ብላ ከኋላቸው ዞራ ጀርባቸውን ለካች። «እትዬ 4 ስንዝር ናቸው» ብላ ጮክ ብላ አስመዘገበች። በዚያው ወር ኪራይ ተጨመረብን። ይገናኛል አልልም። አይገናኝምም አልልም።

አለካኳን ብታዩ ግን ታምኗታላችሁ። አውራ ጣቷን ትተክላለች። ትንሿን ጣት እስኪነጣ ትዘረጋለች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ በኩል ይወጣል። ከዚያ ትንሿ ጣት ያረፈችበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርግና እንደገና ትጀምራለች። ግድግዳችን በጭረት ብዛት የእስረኛ ክፍል መስሏል።

ሚስቴ ቡፌ አሠራልን ብላ ሦስት ዓመት ለምናኛለች። ቦታውም የታወቀ ነው፤ ከሳሎኑ በር እስከ ጥጉ ድረስ ያለው ግድግዳ። ዘንድሮ እሺ አልኩ። «ሜትር ተዋስና በደንብ ለካ» አለችኝ። እሁድ ነበር፣ ጎረቤት ድረስ መሄዱ ከበደኝ። (መንቀሳቀስ እንደማልወድ ደብተር ላይ ተጽፏል።)

«እኔ እለካልሃለሁ» አለች ልጄ።

ለካች። 13 ስንዝር። ደግማ ለካች። 13። እንደዚያን ቀን በልጄ ኮርቼ አላውቅም።

አናጢው አጋሮ መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ፣ ሚስማር እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ነው። ደወልኩለት። «ወርዱ ስንት ሜትር ይሁን?» አለኝ። «13 ስንዝር» ማለት አፈርኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ። ቆይ ብዬ የልጄን ማስመሪያ ከቦርሳዋ አወጣሁና የራሴን ስንዝር ለካሁ። 22 ሴንቲ። በ13 ሲባዛ 286። ያውም ያለ ካልኩሌተር።

«2 ሜትር ከ86» አልኩት።

ዝም አለ። «ጋሼ፣ ሳሎንዎ አዳራሽ ነው እንዴ?»

«ተመስገን ነው» አልኩት። ቀብዱንም በዚያው ላኩለት።

ቡፌው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። በአይሱዙ። ጅማ ስለሆነ ዝናቡም አብሮ መጣ። አራት ልጆች ተሸከሙት። በበሩ በቁመቱ ገባ፤ ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፍተው እንደምንም አዞሩት። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ አመራር እሰጣለሁ። «ወደ ጥጉ! ወደ ጥጉ! ትንሽ ይቀረዋል!»

ጥጉ ጋ ደረሰ። በሩ ጠፋ።

አዎ፣ ቡፌው ግድግዳውን ጨርሶ በሩንም ሸፈነው። እኔ ውጭ ነኝ፤ ሚስቴና አራቱ ልጆች ውስጥ ናቸው። ለትንሽ ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ አንደኛው ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መውጫው በየት ነው?» አለኝ። ከእሱ ጀርባ ሚስቴ ቆማለች። ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ይሄኔ ልጄ ቦርሳዋን እንዳዘለች ከትምህርት ቤት መጣች። ጎረቤታችን ቡና ነጋዴውም ጫጫታውን ሰምቶ ጃንጥላ ይዞ ብቅ አለ። ልጆቹ ቡፌውን መልሰው ሳብ ሲያደርጉት፣ ልጄ በክፍተቱ ሾልካ ገባችና ያለምንም ንግግር መለካት ጀመረች። አውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ ምላስ።

«20 ስንዝር ነው! አባዬ፣ እኔ 13 ነው ያልኩህ።»

«እኔም 13 ነው ያልኩት!»

«በማን ስንዝር?»

መልስ አልነበረኝም። እጄን ያዘችና መዳፏን መዳፌ ላይ ለጠፈችው። የእሷ ጣቶች የእኔ ጣቶች መሀል ላይ አለቁ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሰኞ ዕለት መምህሯ ሁሉንም ተማሪ ሰሌዳውን በስንዝር አስለክታቸዋለች። አንዱ 15 አለ፣ ሌላዋ 17 አለች፣ መምህሯ ራሷ ስትለካው 10 ሆነ። ለዚህ ነው ሜትር ያስፈለገው፤ ሜትር የማንም እጅ አይደለም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ የደወልከው እሁድ ነዋ። እኛ የተማርነው ሰኞ ነው።»

አያቴ ይሄን ክፍል ሳትገባ ነው የምታውቀው። አቡጀዲ በክንድ በሚሸጥበት ዘመን ገበያ ስትወጣ ረጅሙን አጎቴን አስከትላ ነበር አሉ። ነጋዴው ገና ከሩቅ ክንዱን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ የእሷ የልጅ ልጅ ነኝ።

ጎረቤታችን ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ ቡፌውን መታ መታ አደረገና፣ «ግን እንጨቱ እንጨት ነው። 6 ፈረሱላ ይወጣዋል» አለ።

«ፈረሱላ ምንድነው?» አለች ልጄ።

«17 ኪሎ ነው የእኔ ልጅ። ቡና የምንመዝንበት።»

አሰብ አደረገችና፣ «የማን ኪሎ?» አለችው።

ሰውዬው ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አናጢው ቡፌውን መልሶ ወሰደው። ሲስቅ ሲስቅ መጋዙን ጣለ። 1 ሜትር ከ82 ላይ ሊቆርጠውና ከትርፉ ለልጅቷ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሊሠራላት ተስማማን። የሁለቱንም ሂሳብ እኔ ከፈልኩ። በነጋታው ደወለ። «ጋሼ፣ የመደርደሪያው ቁመት ስንት ይሁን?»

«ልጄ 9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች» አልኩት። «ያኔ ደውልላት።»

ሜትርም ገዛሁ። ባለ 5 ሜትር፣ ጥቅል የሚለው። ከልጄ እጅ ግን ወጥቶ አያውቅም። እትዬ በቀደም ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ ግቡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ጀርባቸውን ከበሩ መቃን ጋር አጣብቀው ቆመው ብሩን ቆጠሩ።