የቆላ ልጅ በሆለታ ብርድ

ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከእህቴ ልጅ ጋር አስኮ ቆመናል። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ከስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በቀር የዱር አውሬ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ረዳቱ "ሆለታ! ሆለታ! ሁለት ሰው የቀረው!" ሲል ሮጠን ገባን።

ቡራዩን እስክናልፍ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ገፈርሳ ስንደርስ ግድቡ ላይ ጉም ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ገለጥ ይላል። ግራ ቀኙ የስንዴና የጤፍ ማሳ ነው፤ ጥላ ባለበት ሁሉ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሏል። ልጁ መስኮቱን በእጅጌው እየጠረገ ያያል።

የምንሄደው እንሰሳ ኮቴ ወደሚባለው ማዕከል ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሆለታ አጠገብ ይገኛል። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ነው። ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተነጠቁ፣ በሰው ግቢ ታስረው የተገኙ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ኤሊዎች የሚያርፉት እዚህ ነው። መካነ አራዊት ስላልሆነ ደውዬ ቀጠሮ ይዤ ነበር።

የተቀበለን ወጣት ገና ከበሩ "ጋሼ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉልኝ" አለን። በቀጭን መንገድ፣ በወይራ ዛፎች መሀል ተከተልነው። ትንሽ እንደሄድን አንድ ወፍ ስትጮህ ሰማን። ቀጭን፣ አጠር ያለች ጩኸት ናት። ልጁ ቀና ብሎ ዛፍ ዛፉን ፈለገ።

"ወፍ አይደለችም" አለ ወጣቱ። "እሷ ናት።"

በአጥሩ ማዶ፣ ፀሐይ በመታው ሣር ላይ አቦ ሸማኔ ተቀምጣለች። እንደ አንበሳ አታገሳም። ስትጣራ እንደ ወፍ ነው፣ ደስ ሲላት ደግሞ እንደ ቤት ድመት ታንኮራኩራለች። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። በጆሮ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሆዴ ባባ።

ብዙዎቻችን ከነብር ጋር እናምታታለን። ፊቷን ማየት ይበቃል። ከዓይኗ ጥግ ተነስቶ እስከ አፏ የሚወርድ ጥቁር መስመር አላት፤ እንባ የፈሰሰበት መንገድ ይመስላል። ወገቧ ቀጭን፣ እግሯ ረጅም ነው። ጥፍሯ እንደ ድመት ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አይገባም። የሯጮቻችንን እስፓይክ ጫማ አስቡት፤ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዝላታል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ የምትችል ፍጥረት እዚያ ቁጭ ብላ ብርዱን በፀሐይ ታባርራለች። አገሯ ቆላ ነው። ወጣቱ እንደነገረን ወደዚህ የሚመጡት አቦ ሸማኔዎች በአብዛኛው በምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልል በኩል የተያዙ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከከብት ጋር ነው። ፍየሎቹን የተበላበት አርብቶ አደር ዱካ ተከትሎ ግልገሎቹን ያገኛል። ወይም ደላላ ገንዘብ ይሰጠዋል። ግልገሎቹ በጆንያና በካርቶን ታሽገው ወደ ሶማሌላንድ ጠረፍ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች። የሚፈለጉት ለቤት እንስሳነት ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተረፉትም ያለ እናት ወተት፣ በማይስማማ ምግብ አጥንታቸው ይጣመማል። በቅንጡ መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠች ግልገል ቪዲዮ ስልካችን ላይ ስናይ "ስታምር!" እንላለን። እኔም ብያለሁ። አሁን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ያቺ ካርቶን ትታየኛለች።

ልጁ አጥሩን ትክ ብሎ ሲያይ ቆይቶ ጠየቀ፦ "ታዲያ ለምን ወደ አገሯ አትለቋትም?"

ወጣቱ ቁጭ ብሎ በልጁ ቁመት ልክ ሆነ። "እናቷ ስለሌለች" አለው። የአቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቷ ጋር እስከ 18 ወር ትቆያለች። እናት ብቻዋን ነው የምታሳድገው። እንዴት አድፍጦ እንደሚጠጋ፣ እንዴት ጠልፎ እንደሚጥል፣ ከአንበሳና ከጅብ እንዴት እንደሚሸሽ የምታሳየው እሷ ናት። ገና ጡት ሳትጥል የተወሰደች ግልገል ይህን ትምህርት አታገኝም። ሰውንም ለምዳለች። ብትለቀቅ ትራባለች፤ ወይም የለመደችውን ሰው ፍለጋ መንደር ትገባለች። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ናት።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ከሁሉም በላይ ይህን መልስ ነው። ማዕከሉ ነፍሷን አትርፏል፤ ጫካው ግን አንድ እናት፣ ከእሷም የሚወለዱትን ሁሉ አጥቷል። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት 7 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚህ ቁጥር ላይ እያንዳንዷ ስትቀነስ ትታወቃለች። ሕንድ አቦ ሸማኔዎቿን አጥፍታ በ1952 እ.ኤ.አ. "የሉም" ብላ አወጀች። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ከናሚቢያ ስምንት አቦ ሸማኔዎች በአውሮፕላን አስመጣች።

የእኛ ገና አልጠፉም፤ አፋር፣ ሶማሌና ኦሞ በኩል አሁንም አሉ። ሕጉም አለ፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2016 እ.ኤ.አ. ግለሰብ አውሬ በቤቱ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን የናሚቢያው ሥራ ነው። እዚያ ለገበሬው መንጋ ጠባቂ ትልልቅ ውሾች ይሰጡታል። ውሻው ሲጮህ አቦ ሸማኔዋ ትሸሻለች፤ ፍየሉም እሷም ይተርፋሉ። ፍየሉ የእለት ጉርሱ የሆነውን ሰው ትቶ ስለ አውሬው ብቻ ማውራት ግፍ ይመስለኛል። ኦጋዴን ያለው አርብቶ አደር ለአንዲት ፍየሉ ካሳ ቢያገኝ፣ በረቱን በደንብ የሚያጥርበት ቢሰጠው ደላላውን እምቢ ለማለት አቅም ይኖረዋል።

አንበሶቹንም አየን። ልጁ ግን ስንመለስ በዚያው በመጀመሪያው አጥር በኩል እንሂድ አለ። ጥላው ዞሮ እሷም ቦታ ቀይራለች። አንድ ሠራተኛ የታቀፈውን ጭድ ወደ መጠለያዋ ያስገባል። "ለምንድን ነው?" አለ ልጁ።

"ማታ ይበርዳታል" አለው ወጣቱ።

በሩ ጋ ስንደርስ ያቺ የወፍ ድምፅ ከኋላችን እንደገና ተሰማች። ልጁ በዚህ ጊዜ ወደ ዛፎቹ አላየም።