ጋሼን ከአልጋ ማስነሣት

የምኖረው ሜኔሶታ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ኮቪድ በበረታበት ሰሞን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ ሰዎችን አልጋ ጫፍ ላይ እያስቀመጥን፣ ከዚያ እያቆምን፣ ቀስ በቀስ እያራመድን ነበር የምንውለው። ባለፈው ክረምት ይህንኑ ሥራ ለራሴ ሰው ልሠራ አዲስ አበባ መጣሁ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው በመተንፈሻ ማሽን ታግዘው ነበር። በእግዜር ቸርነትና በሐኪሞቹ ድካም ተረፉ። እኔ ስደርስ ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ሳንባቸውም እየጠራ ነው። ግን ብርጭቆ አንሥተው ውሃ መጠጣት አቅቷቸዋል።

ቤተሰቡ «በሽታው አገረሸባቸው» ብሎ ተደናገጠ። የደከመው ግን ጡንቻቸው ነው። ጽኑ የታመመ ሰው ጡንቻ በጣም በፍጥነት ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት የጽኑ ሕሙማንን ጭን ለክቶ ነበር። በ10 ቀን ውስጥ ብቻ የጭናቸው ጡንቻ በአማካይ ወደ 18 በመቶ ቀንሷል። የምንተነፍስበት ድያፍራምም ጡንቻ ነው። ማሽን ሲተነፍስለት እሱም ይሰንፋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ ሰው ይተኛል። ጠያቂው ሁሉ «ኧረ አይነሡ!» ይላል። ሐኪሙ እንዲነሡ ሲፈቅድ አክስቴ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ነፍሱ መች ተመለሰችና፣ አታንገላቺው» አሉኝ። ፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን መተኛቱ ራሱ ነበር የሚያደክማቸው።

የክፍሉ ፊዚዮቴራፒስት ትጉህ ልጅ ነው፤ ለብዙ ሕሙማን ግን ብቻውን ነው። እኛ ደግሞ ሰው ሞልቶናል። የአጎቴ ልጆች ተራ ገብተው ያስታምማሉ። ሜኔሶታ በኮቪድ ጊዜ ጠያቂ ተከልክሎ ስንቱ ሰው ብቻውን ጣሪያ ሲያይ ይውል ነበር! እዚህ ሦስት ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ «ምን ላግዝ?» ይላል። ይህን ጉልበት ማሠልጠን ነው እንጂ ምን ይፈለጋል? ፊዚዮቴራፒስቱ አሳያቸው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

መጀመሪያ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ከዚያ በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን እንደ ፉጨት አሹሎ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አክታ ሲመጣ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ መሳል። ቀጥሎ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ድካሙን ከ0 እስከ 10 እንዲነግሩን እንጠይቃቸዋለን፤ «አራት» ካሉ እናርፋለን።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥርም ከቆላው አገር ትንሽ ዝቅ ይላል። የእኔው ራሱ ሜኔሶታ ከለመድኩት አነሰ። ስለዚህ «ከስንት በታች ሲሆን እናቁም?» ብላችሁ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ትልቁ ፈተና ቤት ነበር። ጋሼ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ልጆቹ በወንበር ሊሸከሟቸው ተዘጋጅተው ነበር። እኛ ግን ከሆስፒታል ሳይወጡ ደረጃ አለማምደናቸዋል፦ ቆሞ አየር መሳብ፣ እያስወጡ አንድ እርከን መውጣት። ጎረቤቶች በየፎቁ መዞሪያ የፕላስቲክ ወንበር አወጡላቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አክስቴ ከኋላ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላሉ። በራሳቸው እግር ገቡ።

ዛሬ ከቁርስ በኋላ ወርደው ታክሲ ተራ ድረስ ይራመዳሉ። ደረጃውን ሲወጡ አሁንም መሀል ላይ ያርፋሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ ፊዚዮቴራፒስቱን አግኙት። በቀን ስንት ጊዜና እስከ የት መራመድ እንዳለባቸው አስጽፉ። ደረት ላይ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ወይም አርፈውም የማይረጋ ትንፋሽ ካያችሁ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።