ፕላኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለክታችሁ አረጋግጡ

ቤት ለምታሠሩ ሁሉ፦ ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ዲዛይን ቢሮ የሚሰጣችሁን ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ሥራ አትጀምሩ። ሶፍት ኮፒውንም ተቀበሉ። ፒዲኤፍ ብቻ ከሰጧችሁ እንቢ በሉ። የሚያስፈልጋችሁ አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ላይ የተሠራው የዲደብልዩጂ (DWG) ፋይል ነው።

እሱን ለመክፈት አውቶካድ መግዛት አያስፈልግም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መሐንዲስ አይደለሁም። አውቶካድን የሚሠራው አውቶዴስክ ራሱ በነጻ የሚሰጠው ቪወር (ፋይሉን ከፍቶ ማያ) አለ፤ አውቶዴስክ ቪወር ይባላል። በብሮውዘር ይከፈታል። አካውንት ታወጣላችሁ፣ ፋይሉን ትጭናላችሁ፣ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ፕላኑ ይመጣል። በላፕቶፕ ብትከፍቱት ይሻላል። በስልክ ላይ ጣታችን መስመሩን ስለሚሸፍነው ለመለካት ያስቸግራል።

መጀመሪያ የላኩልኝ ፋይል ላይ ግድግዳ አለ፣ በር አለ፣ መስኮት አለ፤ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ግን የለም። ኮለኖቹ የተሳሉት ሌላ ፋይል ላይ ነበር፣ ኤክስሬፍ በሚሉት መንገድ የተያያዘ። ያንን ፋይል አብረው ካልላኩት ቪወሩ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ስትጠይቁ «ኤክስሬፉን ባይንድ አድርጋችሁ ላኩልኝ» በሉ። ሁሉም አንድ ፋይል ሆኖ ይመጣል።

የአማርኛው ጽሑፍም የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ መጣ። የድሮ የግዕዝ ፎንት ስለተጠቀሙ ነው። እነዚያ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ያስቀምጡታል፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ (እ.ኤ.አ. 1999) ስንት ዓመቱ! ለጽሑፉ ሲባል ፒዲኤፉንም አብራችሁ ያዙ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ያንገበገበኝ የደረጃው ጉዳይ ነው።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ የማሠራው ለእናቴ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ስትወጣ አንድ ሰው ጎኗ ሆኖ ክንዷን መያዝ አለበት። ስለዚህ ገና ዲዛይኑ ሲጀመር «ከደረጃው ስፋት እንዳትቀንሱብኝ» ብዬ ነበር። 1.20 ሜትር ተባባልን። ወረቀቱም ላይ 1.20 ይላል። ማህተሙም አለበት።

ኮለኖቹ ቆመው ብሎኬት ሊደረደር ሲል ፎርማኑ ደወለልኝ። «ልጄ፣ 15 ሴንቲ ጎደለኝ» አለ። ፕላኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አብረን ደመርናቸው። መኝታ ቤት 3.60፣ ግድግዳ 0.20፣ ደረጃ 1.20፣ ግድግዳ 0.20፣ መታጠቢያ ቤት 1.50። ድምሩ 6.70 ነው። ከሥሩ ያለው ጠቅላላ ቁጥር ግን 6.55 ይላል። ኮለኖቹም የቆሙት በ6.55 ነው።

ቢሮው ስደውል የተመደበልን ልጅ ያለምንም ማቅማማት «ፎርማኑ ፕላን ማንበብ አይችልም» አለኝ። ይህ ሰው በኮንስትራክሽን ሥራ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ነው። ልጁ ፋይሉን እንኳ ሳይከፍት ነበር የፈረደበት። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ መለካት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም አልነበረውም፤ ፋይሉ በሜትር ይሁን በሚሊ ሜትር የተሳለ ቪወሩ አላወቀም። ለዚህ መፍትሔ አለው። መለኪያው ውስጥ ካሊብሬት የሚል አለ። ልኩን የምታውቁትን ነገር ጫፍና ጫፍ ነክታችሁ እውነተኛውን ቁጥር ትሰጡታላችሁ። እኔ በሁለት ኮለኖች መካከል ያለውን ርቀት ሰጠሁት፤ ሳይት ላይ በሜትር ተለክቶ የታወቀ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ መኝታ ቤቱ ልክ 3.60 መጣ። መታጠቢያ ቤቱ 1.50፣ በሩ 0.90። ደረጃው ግን 1.05።

ደጋግሜ ለካሁት። አጉልቼ፣ የቤት ዕቃው የተሳለበትን ላየር (ንብርብር) አጥፍቼ፣ ጠቋሚው የግድግዳውን ጠርዝ እስኪይዝ ጠብቄ። 1.05 ነው። መስመሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ 1.20።

ስክሪንሾቱን ለቢሮው ልጅ ስልክለት «እህቴ፣ ከፕላን ላይ አይለካም፤ የሚሠራው በተጻፈው ቁጥር ነው» አለኝ። ይህ ደንብ ነው፤ ፕላን ላይም ይጻፋል። ግንበኛ ወረቀት ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ እንዳይሠራ የወጣ ደንብ ነው፣ ልክ ነው። ለባለቤቱ ግን እላለሁ፦ ለኩ! የምትለኩት ለመሥራት አይደለም። ቁጥሩና ሥዕሉ ይስማሙ እንደሆነ ለማየት ነው። ካልተስማሙ ሲሚንቶው ሳይፈስ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ «ነጻ ቪወር አይታመንም» አለ። ነጻ ቪወር ሌላውን ሁሉ በትክክል ለክቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ብቻ የሚሳሳተው ለምንድን ነው? መልስ አልነበረውም። አውቶካድ ያላት ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። የደረጃውን ልኬት ተጫነችው፤ ፕሮፐርቲው (የልኬቱ ዝርዝር መረጃ) በጎን ተከፈተ። «ሜዠርመንት» (ከሥዕሉ የተለካው) በሚለው ፊት 1.05 ይላል። ዝቅ ብሎ «ቴክስት ኦቨርራይድ» (በእጅ የተጻፈበት) በሚለው ፊት 1.20። አውቶካድ ልኬቱን ከሥዕሉ እየወሰደ ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ቁጥሩም ይቀየራል። በላዩ ላይ በእጅ ከተጻፈበት ግን ሥዕሉ የትም ቢሄድ የተጻፈው እንዳለ ይቀራል። መታጠቢያ ቤቱ እንዲሰፋ ግድግዳውን ወደ ደረጃው ገፍተዋል፤ እኔ 1.20 እንደምፈልግ ስለሚያውቁ ቁጥሩን ጽፈውበታል። ይህ እንዴት ስህተት ይባላል? አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብሎ 1.20 ብሎ ጽፏል። ያጸደቀውም ድምሩን ሳይደምር ማህተሙን አሳርፏል።

ያንን ምስል ስልክላቸው ድምፃቸው ተለወጠ። መታጠቢያ ቤቱ 1.35 እንዲሆን፣ ደረጃው 1.20 እንዲመለስ ተስማማን። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የማሻሻያ ክፍያ አለው።» አልከፍልም አልኩ፤ አልከፈልኩምም። የመጨረሻው ክፍያ እጄ ላይ ስለነበረ ነው እንዲህ ለማለት የቻልኩት። እናንተም ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ባይንድ የተደረገው ፋይል መጥቶ፣ በቪወር ተከፍቶ፣ የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር ከጠቅላላው ጋር እስኪገጥም የተወሰነውን ያዙ።

ሌላው፣ ፕላኑን ለሌላ ሰው ለማሳየት ቪወሩ የሚሰጣችሁን ሊንክ በየቴሌግራም ግሩፑ አትበትኑት። ሊንኩ ያለው ሰው የቤታችሁን በርና መስኮት ሁሉ ያያል። እኔ ከፎርማኑና ከጓደኛዬ ሌላ ለማንም አልሰጠሁም።

ፎርማኑ አሁን አዲስ ሉህ ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ያስለካኛል። «ልጄ፣ ለክተሽዋል?» ይለኛል። የኤሌክትሪኩን ለክቻለሁ፤ የሳኒተሪው ፋይል ግን ዛሬም ያለ ኤክስሬፍ ነው የተላከልኝ፣ መልሼላቸዋለሁ።