በበዓለ ሃምሳ የተጾመ ጾም

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማሸት ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አረጋውያን ዘንድ ግን ዋናው ሥራችን ቶሎ ከአልጋ ማስነሳት ነው፤ ቢቻል በማግስቱ። ተኝቶ መቆየት የደም መርጋት፣ የሳንባ ምችና የአልጋ ቁስል ያመጣል፤ ጡንቻም ይሟሽሻል።

እማማ ግን አልነሳም አሉ። የተሰበረው የጭን አጥንታቸው ራስ ወጥቶ በብረት ተተክቷል፤ ቁስሉ ደህና ነው፤ ሕመሙም በመድኃኒት ታግሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ስናስቀምጣቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ተወኝ ልጄ፣ ዞረብኝ» ይላሉ። ካርዳቸው ላይ «ለመነሳት ፈቃደኛ አይደሉም» ተብሎ ተጽፏል። ይህ አጻጻፍ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ጥፋቱን ለታካሚ መስጠት ነው።

የደም ግፊታቸውን እንደተኙ ለካን፤ ደግፈን አቁመንም ደገምን። የላይኛው ቁጥር ከ132 ወደ 104 ወረደ። 20 መውረዱ እንኳ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪሙ የደም ማነስ እንዳይሆን አስመረመረ፤ አልነበረም። ኮመዲኖው ላይ ግን ከንፈር ያልነካው የውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

«ለምን አይጠጡም እማማ?»

«ዛሬ ጾም ነው።»

ቀኑ በእርግጥ ረቡዕ ነበር። ነርሷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በዓለ ሃምሳ እኮ ነው» አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም፤ ይህን ደግሞ እማማን የሚያህል ምእመን ሊስተው አይችልም። መጋረጃውን ስባ እኔንና አስታማሚያቸውን አስወጣችን። አስታማሚው ወንድ ልጃቸው ነው፤ ቀንም ሌሊትም ከአጠገባቸው አይለይም። እማማ እሱን «ፖፖ አቅርብልኝ» ከማለት ጥሙን መርጠዋል።

ለልጁ «ሴቶች ክፍል ሴት አስታማሚ እንድትሆን ደንብ አለ» አልነው። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። የእህታቸው ልጅ መጣች፣ ውሃውም ተጠጣ፣ ማዞሩም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው ኮሪደር ልምምዳችን ሆነ፦ መጀመሪያ መራመጃው፣ ቀጥሎ የታመመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ባዶ ኮሪደር ላይ «እስቲ ይራመዱ» ስንላቸው ያላገኘነውን ወኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ አገኘን።

ሊወጡ ሲሉ የቤቱ ነገር መጣ። መጸዳጃቸው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ አዲስ ለተተካ ዳሌ ደግሞ ቁጢጥ ማለት መገጣጠሚያው እንዲወልቅ መጋበዝ ነው። ልጃቸው አናጺ ዘንድ ሄዶ መሐሉ የተቀደደ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አሠራ፤ ቁመቱን እኔ ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አድርጌ ለክቼ ሰጠሁት። እማማ ሲያዩት «ይህማ የዳኛ ወንበር ነው» ብለው ሳቁ። የአናጺውን ስልክ ቁጥር ተቀበልኩት፤ አሁን ለሌሎች ቤተሰቦችም ከመራመጃው ማዘዣ ጋር እሰጣለሁ።