20 ሺህ የተጣራ

ተጫዋች ደመወዝ ሲደራደር ግብር የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አይለውም። «እጄ ላይ ስንት ይገባል?» ነው ጥያቄው። ወኪሉም «ኔት ንገሩን» ነው የሚለው፤ ተቆራጩ ሁሉ ወጥቶ የሚተርፈውን፣ የተጣራውን ማለቱ ነው። ከወኪሉ ጋር ማኪያቶ ጠጥተው ተስማምተው የሚመጡት የቦርድ ሰብሳቢያችንም ያው ናቸው። ግብሩና ጡረታው የሚታወሰው ወረቀቱ የክለቡን ሒሳብ የምይዘው እኔ ቢሮ ሲደርስ ነው።

ክለባችን አዲስ አበባ ዳር፣ ታክሲው የመጨረሻውን ተሳፋሪ አውርዶ የሚዞርበት ሰፈር ያለ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ባለው በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት የእግር ኳስ ክለብ ነው። ስሙ ይቅርብኝ፤ እንጀራዬ አሁንም እዚያው ነው። የምንተዳደረው አስተዳደሩ በሚመድብልን በጀትና ነጋዴው ፊቱን አጨማዶ በሚያዋጣት ነገር ነው። የሜዳ ገቢ የሚባል የለም። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ደጋፊያችን ቡድኑን የሚያየው ልምምድ ላይ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሙሉ ቡድን ይዘን ሰው አገር ለወራት ሆቴል እንቀመጣለን። አልጋ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ የማልያ እጥበት… ከደመወዝ ቀጥሎ የሚያስደነግጠኝ የሆቴሉ ደረሰኝ ነው።

በ2015 የአጋማሹ ዝውውር ሲከፈት ቡድኑ ጎል ማግባት ተስኖት ነበር። ኮቹ አጥቂ ጠየቀ፤ ሰብሳቢው በማግስቱ አጥቂ አገኙ። በር ሳያንኳኩ ገብተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«20 ሺህ ነው። ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ልጅ ነው፤ በነፃ በይው።»

«የተጣራ ነው ጋሼ?»

«20 ሺህ ነው አልኩሽ እኮ!»

በቃል ከማስረዳ ብዬ ካልኩሌተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩና አብረን ሠራነው። ልጁ እጅ 20,000 እንዲገባ ጠቅላላ ደመወዙ 31,896 ብር ከ55 ሳንቲም መሆን አለበት። ያኔ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው 35 በመቶ ነበርና የሥራ ግብሩ 9,663 ብር ከ79 ይመጣል፤ 7 በመቶ ጡረታው ደግሞ 2,232 ብር ከ76። የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ከእኛ ሲጨመር ክለቡ በወር የሚያወጣው 35,405 ብር ሆነ።

ካልኩሌተሩን አዩት። እኔን አዩኝ። ተመልሰው ካልኩሌተሩን አዩት።

«15 ሺው የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥት ጎል ያገባል?»

አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም፤ ተከትሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁና። «እንግዲያው በ5 ሺህ አስፈርሚው፤ የቀረውን በጎን እንጨርሰዋለን» አሉኝ።

ይህ «በጎን» የሚባለው ነገር የእኛ ሰፈር ፈጠራ አይደለም። በ2011 ክረምት ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙም፣ ትርፉ በየት በኩል እንደሚሄድ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። የበላይ ሰዎች በጎን ያሉት ገንዘብ ደረሰኝ የለውም። ኦዲተር ሲመጣ ግን «በጎን ይሁን» ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ የሚጠራው ሒሳብ የያዘው ነው።

«አልፈርምም ጋሼ» አልኳቸው። «በጀቱ በዚህ አካሄድ ሚያዝያን አያልፍም። ሁለት ወር ሳንከፍለው ብንቀር በፊፋ ደንብ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎልን ውሉን አፍርሶ መሄድ ይችላል፤ ካሣውንም ይጠይቀናል።»

ወረቀታቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «አንቺ የክለባችን ደጋፊ ነሽ ወይስ የፊፋ?» አሉኝ።

ይህቺን አልረሳላቸውም። ያን ዓመት በክለቡ ውስጥ ስሜ «ፊፋ» ሆኖ ቀረ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር «ፊፋ ገብታለች?» ትል ነበር።

አጥቂውን አንድ ጎረቤት ክለብ ወሰደው። እኛ ከተስፋ ቡድኑ አንድ ልጅ አሳደግን። ጎል አገባ ብዬ አልዋሽም፤ ሲሮጥ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ደመወዝ በየወሩ ገባ፣ የሆቴሉም ተከፈለ፣ ከመሐል ሰፋሪዎቹ ጋር ጨረስን። የጎረቤቶቻችን ተጫዋቾች ግንቦት ላይ ደመወዝ አጥተው ልምምድ አቁመዋል ሲባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡናዬን ሁለተኛ ቀዳሁ። ሰብሳቢውም በስብሰባ ላይ «የተጣራ ነው ያልተጣራ? ይሄ መጠየቅ አለበት!» ማለት ጀመሩ፤ ራሳቸው እንዳገኙት ሁሉ።

ሰኔ 30 ካዝና ውስጥ የተረፈ ገንዘብ ነበር። ተመላሽ አደረግን። ክረምት ላይ ለበጀት ውይይት ስንጠራ፣ ተመስግነን የምንወጣ መስሎኝ ጥሩውን ነጠላዬን ለብሼ ነበር የሄድኩት። የበጀት ባለሙያው ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ፣ «እናንተ የተመደበላችሁን አልተጠቀማችሁም፤ በዚያው ልክ ይቀነሳል» አለን። ጎረቤቶቻችን በዚያው ሰሞን ለደመወዝ ውዝፍ ተጨማሪ በጀት ጸድቆላቸዋል።

ሰብሳቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰማሽ ፊፋ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

በቀጣዩ ዓመት የተረፈንን ገንዘብ ግንቦት ሳያልቅ ኳስ፣ ማልያ፣ ኮንና መረብ ገዛንበት። ንብረት ክፍሏ በሩ አልዘጋ ብሏት መጥታ፣ «ይሄን ሁሉ ኳስ ማን ሊጫወትበት ነው?» አለችኝ። ሰነዱን ገልጬ አሳየኋት። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ አለው፣ ደረሰኙም ተሟልቷል፤ ያለምንም ማንገራገር የፈረምኩበትም እኔው ነኝ።