ጫፍ ላይ የማይቆመው ድንጋይ

ኮምቦልቻ ውስጥ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፕሮጀክታይል ሞሽን (ተወርውሮ አየር ላይ የሚጓዝ ነገር እንቅስቃሴ) ላይ ስንደርስ ተማሪዎች ቀመሩን ቶሎ ይይዙታል። የሚከብዳቸው ድንጋዩ አየር ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ማየቱ ነው።

ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው። ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር፣ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ላይ ተወረወረ። የስበት አክስለሬሽን፣ ማለትም ስበት ቬሎሲቲን (ፍጥነትን ከነአቅጣጫው) በየሰከንዱ የሚለውጥበት መጠን፣ 10 ይሁን። ጫፍ ላይ ሲደርስ ቬሎሲቲውና አክስለሬሽኑ ስንት ነው?

ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ወጣች። ከፍታውን 5 ሜትር፣ ርቀቱን 34.6 ሜትር ብላ በትክክል አሰላች። ከዚያ "ሁለቱም ዜሮ" ብላ ጻፈች።

"ጫፍ ላይ ይቆማላ፣ ቲቸር!"

ብዙዎቹም ተስማሙ። ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። የሐርቡ ልጅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማማ ላይ ወጥቶ የቤተሰቡን ማሽላ ከወፍ ይጠብቃል።

"አብሽር፣ ተናገር" አልኩት።

"ላይ ከቆመማ ከዚያው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። የወንጭፍ ድንጋይ ግን ወደፊት እየሄደ ነው የሚወርድ።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የትምህርቱ ልብ እኮ ይኸው ነው! ድንጋዩ ሁለት ጉዞ በአንድ ጊዜ ይጓዛል፤ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች። ወደ ጎን የሚገፋውም የሚጎትተውም የለም፤ የአየሩን ግጭት ከተውነው በሰከንድ 17.3 ሜትር እንደያዘ ይቀጥላል። ወደ ላይ የነበረው በሰከንድ 10 ሜትር ግን በስበት ምክንያት በአንድ ሰከንድ ያልቃል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ይህንኑ ነው።

"አክስለሬሽኑስ ጫፍ ላይ ዜሮ ቢሆን?" ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡ። አንዱ "ሳይወርድ ይሄዳላ!" አለ። በቃ፣ ስበት ለአፍታም እንደማይለቀው ገባቸው።

ቀጥሎ ሁለት የ1 ብር ሳንቲሞች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን ወደ ፊት አስፈነጠርኩት፤ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ዝም ብዬ ጣልኩት። ወለሉን እኩል መቱት። ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወርዱበት ጊዜ ለሁለቱም 0.4 ሰከንድ ነው። ራቅ ብሎ መውደቅ አያዘገይም። ካላዩት ማመን ይከብዳልና ደጋግመን ሞከርነው።

ያቺ ልጅ ተመልሳ ሰሌዳውን አጠፋችና እንደገና ጻፈች። ቬሎሲቲ 17.3፣ ወደ ጎን። አክስለሬሽን 10፣ ወደ ታች።

የሐርቡው ልጅ ግን ገና አልጨረሰም። "ከማማ ላይ ሲወረወርስ፣ ሩቅ የሚሄደው በ45 ዲግሪ ነው?" አለኝ። አይደለም፤ 45 የሚሠራው መነሻና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሲሆን አንግሉ ዝቅ ይላል። በስንት ዝቅ እንደሚል የማማውን ቁመት ለክቶ እንዲያሰላ የቤት ሥራ ሰጠሁት።